ሥራው ከተጀመረ በኋላ፤ የጨፋ ሜዳ፣ የአዋሽ ውኃና የ1967ቱ ለውጥ ተቃዋሚዎች

በኢትዮጵያ የለውጥ ታሪክ ሲጻፍ ተቃዋሚው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ተጠቃሎ ይታለፋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሽፍታ»፣ በደርግ ዘመን «አድኃሪ» የሚሉት ስሞች ማዕረጉን ያጣውን መስፍን፣ የበጋ ግጦሹን ያጣውን ከብት አርቢ፣ ይዞታዬ ሊከፋፈል ነው ብሎ የሠጋውን ርስተኛ ገበሬ ያለ ልዩነት ሲሸፍኑ ኖረዋል። የእነዚህ ሰዎች ተቃውሞ ግን በምክንያቱም፣ በአካሄዱም፣ በውጤቱም የተለያየ ነበር። የሚያመሳስለው አንድ ነገር ቢኖር የተነሣው ለውጡ ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ በኋላ መሆኑ ነው። ተቃውሞ ሲዘገይ ደግሞ «ነገሩ ካለቀ በኋላ ምን ይፈይዳል» ተብሎ ሳይመረመር መቅረቱ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ተቃዋሚ የዘገየው ቀድሞ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ፣ ለውጡንም ያወቀው ቀያሹ ችካል ሲተክል በማየቱ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በአንድ ስም የማጠቃለሉ ልማድ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 የሹራብ ሠሪዎች በኖቲንግሃም አካባቢ የሥራ መኪናዎችን በመስበራቸው «ሉዳይት» ተባሉ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ መኪና የሚጠላ መሃይም ማለት ሆኖ ቀረ። ሰዎቹ ግን ያገኙትን መኪና ሁሉ አልሰበሩም። ይመርጡ የነበረው ደመወዝ የቀነሱትንና የዕቃውን ጥራት ያወረዱትን አሠሪዎች መኪና ነው። ጥያቄያቸው መኪናው ይኑር ወይስ አይኑር የሚል ሳይሆን፣ ትርፉ ለማን፣ ኪሣራውስ በማን ላይ የሚል ነበር። ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ በቦርከናና በአዋሽ ሸለቆዎች ተነሥቷል።

የጨፋ ሜዳ

ነገሩን ለመመርመር የጨፋ ሜዳ ተስማሚ ቦታ ነው። ሜዳው የሚገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በከሚሴ ዙሪያ ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ ከፍታዎች ተነሥቶ ወደዚህ ለጥ ያለ ስፍራ ሲደርስ ፍጥነቱን አጥቶ ይንጣለላል፤ ረግረግ እየሠራ፣ ሣር እያለመለመ ካለፈ በኋላ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። በምዕራብ በኩል የአንጾኪያና የመንዝ ተራሮች፣ በምሥራቅ በኩል የአፋር ቆላ ይዋሰኑታል። በአርጡማ ፉርሲ ወረዳ ያለችውን የጨፋ ሮቢትን ስም ጨምሮ በአካባቢው ደጋግሞ የሚሰማው «ጨፋ» የሚለው ቃል በኦሮምኛ ውኃ የማይለየው ሣራም መስክ ማለት ነው። የገዳ ሸንጎ የሚጠራበት «ጨፌ» የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሸንጎው በለምለም መስክ ላይ ተቀምጦ ይመክር ነበርና።

የዚህ መስክ ዋጋ የሚታወቀው በበጋ ነው። በዙሪያው ያለው ቆላ ሲደርቅ የአፋር ከብት አርቢዎች ከምሥራቅ ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራውም ከየአቅጣጫው ወደዚያው ይወርዳል። በእሑድ የሰንበቴ ገበያ ላይ የሚገናኙት እነዚሁ ሕዝቦች በውኃና በሣር አጠቃቀም ረገድ በሽማግሎቻቸው አማካይነት ሲስማሙም፣ ሲጋጩም፣ መልሰው ሲታረቁም ኖረዋል። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ በገባበት ወቅት ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተዘጋጀ አንድ ዘገባ የጨፋን ሸለቆ የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ ሲል ሰይሞታል።

ይህን ያህል ሕዝብና ከብት በአንድ ሸለቆ እንዲከማች ያደረገው ድርቁ ብቻ አልነበረም። በጨፋ ሜዳም በየዘመኑ ሰፋፊ እርሻዎች ከግጦሹ ላይ ተቆርሰዋል፤ ከዚህ የበለጠው ምክንያት ግን የሚገኘው ቦርከና ሄዶ ከሚገባበት ከአዋሽ ዳር ነው።

ከአዋሽ የጀመረው ለውጥ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀና 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ግድቡ ኃይል ከማመንጨቱም ሌላ የወንዙን ፍሰት ስላስተካከለ በታችኛው ሸለቆ ለመስኖ የሚሆን የበጋ ውኃ አስተማማኝ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በመካከለኛው ሸለቆ በመልካ ሰዲና በአሚባራ፣ በታችኛው ሸለቆ በተንዳሆና በዱብቲ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። የተንዳሆው ተክል ድርጅት ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የገባበት ነበር።

በምህንድስና ዓይን ሲታይ ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ውኃው ተለክቷል፣ ቦዩ ተቀዷል፣ ጥጡም በቅሏል። ይሁን እንጂ ለመስኖ የተመረጠው የወንዝ ዳር መሬት የአፋር ጎሣዎች ለበጋ የሚያቆዩት ግጦሽ ነበር። ክረምት ሲገባ ከብቶቹ ዝናብ ወደ ጣለበት ሩቅ ሜዳ ስለሚሄዱ የወንዙ ዳር ሰው የሌለበት ይመስላል፤ በዚያ ወራት ለቅየሳ የሚመጣ ባለሙያ በካርታው ላይ የሚያሰፍረው ባዶ መሬት ነው። ከአጠቃላዩ የአፋር ምድር ጋር ሲነጻጸርም ለእርሻ የተወሰደው ስፋት ጥቂት ነበር። ነገር ግን ከብት በበጋው ሦስትና አራት ወር የሚበላው ካጣ፣ በቀረው ወራት የሚግጠው ሰፊ ሜዳ ሁሉ አይጠቅመውም። ስለዚህ የጠፋው ነገር በጋሻ ወይም በሄክታር ሊለካ የማይችል ነበር፤ የዓመቱ ኑሮ የታሠረበት ቋጠሮ ነውና።

ተቃውሞው ወዲያውኑ አልተነሣም። የሣሩ መጥፋት የተሰማው እርሻው ዓመት ከዓመት እየሰፋ፣ የከብት መተላለፊያው እየተዘጋ ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ከብት ወደ ጥጡ ማሳ መንዳት፣ ከእርሻ ጠባቂዎች ጋር መጋጨት፣ ከጎረቤት ጎሣ ጋር በውኃ መጣላት ተከተለ። ይህ ሁሉ በመንግሥት መዝገብ የገባው በጸጥታ ጉዳይ እንጂ በመሬት ጉዳይ አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ሲደርስ በመጀመሪያ ከተጎዱት መካከል አፋሮች ነበሩ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምረው የደረሱበት ድምዳሜ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ይህን ያህል እንዳልቀነሰ፣ የተራበው ሰው እህሉን የሚያገኝበትን አቅም ያጣው መሆኑን ነው። ስለ አፋሮች ሲናገሩም ከድርቁ ሌላ የአዋሽ ዳር ግጦሽ ወደ ንግድ እርሻ መዛወሩን እንደ አንድ ምክንያት ጠቅሰዋል። ለዓመታት ጸጥታ እንደ ማደፍረስ ብቻ ይታይ የነበረው ተቃውሞ የሚመጣውን አደጋ አስቀድሞ የሚያመለክት እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በምክር ቤት የታገደው ሕግ

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ሌላ ዓይነት ተቃውሞ ይካሄድ ነበር። መንግሥት በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴርን አቋቁሞ የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን ሕግ አስረቀቀ። ረቂቁ ጭሰኝነትን የሚሽር አልነበረም፤ ሲሶና እኩል እየከፈለ የሚያርሰው ገበሬ የሚከፍለውን ኪራይ በልክ ለመወሰንና ከመሬቱ ያለ አግባብ እንዳይነቀል ለመጠበቅ የታሰበ ነበር። ነገር ግን የሕግ መወሰኛውና የሕግ መምሪያው ምክር ቤቶች አባላት አብዛኞቹ ራሳቸው ባለ መሬቶች ስለ ነበሩ ሕጉ እየተንከባለለ፣ ዓመት እየቆጠረ፣ ሳይጸድቅ 1966 ዓ.ም. ደረሰ። ይህ ተቃውሞ ጠመንጃ አላነሣም፤ መንገዱም ሁሉ ሕጋዊ ነበር። ውጤቱ ግን በባለቤቶቹ ላይ ተመለሰ። መጠነኛውን ለውጥ ማዘግየት የቻሉት ሰዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጣውን ሥር ነቀል ለውጥ የሚመክሩበት ምክር ቤት እንኳ አልነበራቸውም።

በገጠር ደግሞ ተቃውሞው ከልኬት ጋር ተያይዞ ይነሣ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የተነሣው ዐመፅ ለዚህ ምስክር ነው። መንግሥት አሥራትን አስቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲደነግግ፣ አዲሱ ግብር በሐሳብ ደረጃ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቾች ወደ ማሳው ሲመጡ የፈራው የግብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ የተገመተ መሬት ነገ በቀላድ ይለካል፣ የተለካ መሬትም ከርስትነት ይወጣል የሚል ሥጋት ነበረበት። በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም ስፍራዎች ገማቾቹ ተባረሩ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ካዘመተ በኋላ አገረ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴን አንሥቶ፣ ውዝፉን ግብር ምሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አስቀድሞ ስለ ርስቱ ማረጋገጫ ቢሰጥ ኖሮ በደም የተገዛው ስምምነት በቃል ሊገኝ ይችል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በኋላ

ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31ን ያወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ መሠረት ጭሰኝነት ቀረ፤ መሬት መሸጥ፣ መለወጥና ማከራየት ተከለከለ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሰጠው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል ውስጥ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የዘመቱት ተማሪዎችና መምህራን አዋጁን ለገበሬው አነበቡ፣ ማኅበራቱንም አደራጁ። በዚህ ጊዜ ከጨፋ ሜዳ በጥቂት ቀናት የእግር ጉዞ በሚደረስባቸው አገሮች የተለያየ መልክ ያለው ተቃውሞ ታየ።

የመጀመሪያው የመኳንንቱ ተቃውሞ ነው። ስድሳ የሚሆኑ የቀድሞው መንግሥት ባለ ሥልጣኖችና ሌሎች ሰዎች ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉ ወዲህ በነበሩት ወራት በመንዝ መስፍን ብሩና መርዕድ ብሩ፣ በወሎ ደጃዝማች ብርሃነ መስቀል ደስታ ሸፈቱ። የመሬቱ አዋጅ ሲታወጅ ለዐመፁ ተጨማሪ ምክንያት ሆነው፤ ርስተኛው የደጋ ገበሬ መሬቱ ለባዕድ የሚከፋፈል መስሎት ሲሠጋ፣ ለሸፋቾቹ መጠለያና ስንቅ የሚሰጥ ሰው ተገኘ። ሆኖም አዋጁ በርስት አገር ያለ ገበሬ በእጁ ባለው መሬት እንዲጠቀም የሚፈቅድ በመሆኑ ሥጋቱ ቀስ በቀስ በረደ። በቆላው ደግሞ ትናንት ጭሰኛ የነበረው ሰው የሚያርሰውን መሬት ዛሬ በእጁ ስላስገባ ከቀድሞው ጌታው ጎን ሊሰለፍ የሚችልበት ምክንያት አልነበረውም። የብሩ ልጆች ብዙ ሳይቆዩ በውጊያ ተገደሉ። መኳንንቱ የተሸነፉት በጦር መሣሪያ ማነስ ብቻ አይደለም፤ እንዲመለስ የፈለጉት ሥርዓት ለገበሬው የሚሰጠው ነገር ስላልነበረው ነው።

ሁለተኛው የአውሳው ሱልጣን ዓሊ ሚራህ ሐንፈሬ ተቃውሞ ነው። ሱልጣኑ ለውጥን የሚጠሉ ሰው ነበሩ ለማለት አይቻልም፤ ራሳቸው በታችኛው አዋሽ ሰፊ የጥጥ እርሻ ያለሙ፣ ትራክተርና መስኖ ወደ አውሳ እንዲገባ ያደረጉ ባለ ሀብት ነበሩ። አዋጁ የወሰደባቸው የግል እርሻቸውንም፣ በአውሳ የነበራቸውንም የአስተዳደር ሥልጣን ነው። ከደርግ ጋር የተደረገው ንግግር ሳይሰምር ቀርቶ በ1967 ዓ.ም. የበጋው ወራት ካለፈ በኋላ በጂቡቲ በኩል ከአገር ወጡ፤ በተንዳሆ አካባቢ በተደረገው ግጭት ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ የአፋር ነፃ አውጪ ግንባርም ተመሠረተ። ሱልጣኑ ወደ አገራቸው የተመለሱት ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲሆን፣ ያረፉት በ2003 ዓ.ም. ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም ያነሰ የተነገረለት፣ የከብት አርቢው ተቃውሞ ነው። አዋጁ ስለ ዘላኖች በደነገገው ክፍል ከጥንት ጀምረው በሚገለገሉበት የግጦሽ መሬት ላይ የመጠቀም መብት ሰጥቷቸው ነበር። ነገር ግን በዚሁ አዋጅ ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ወይም ወደ ኅብረት ሥራ እንዲዛወሩ ስለ ተወሰነ በአዋሽ ዳር የነበሩት የጥጥ እርሻዎች ወደ ግጦሽነት አልተመለሱም። የኩባንያው ሰሌዳ ወርዶ የመንግሥት ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ቦዩና አጥሩ ግን በነበሩበት ቆዩ። ለከብት አርቢው ባለቤትነቱ ተለወጠ እንጂ መንገዱ አልተከፈተም። በመሆኑም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ያቀርበው የነበረውን ጥያቄ በደርግ ዘመንም ያለ ለውጥ አቀረበ፤ «አድኃሪ» የሚለው ስም ግን ከሱልጣኑና ከመኳንንቱ ጋር ደባልቆ ስለ ሸፈነው ጥያቄው ለብቻው ተለይቶ አልተሰማም።

ድምፅ ያልነበረው ተቃውሞ

ከእነዚህ ሁሉ የተለየ፣ ጥይት ያልተተኮሰበት፣ ሰልፍም ያልወጣለት ተቃውሞ ደግሞ አለ። የ1967ቱ አዋጅ በብዙው ገበሬ ዘንድ የተወደደ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት እርምጃዎች፣ ማለትም ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ የሚሰጠው የእህል ኮታ፣ የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የመንደር ምሥረታው ግን አልተወደዱም። ገበሬው በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ይደግፍ ነበር፤ ሪፖርቱም ወደ ላይ የሚሄደው በዚያው መልክ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅና አምራቾች ከማኅበር ለመውጣት እንደሚችሉ ሲነገር፣ በብዙ ስፍራ ማኅበራቱ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ የጋራው በሬና መሬት ተከፋፈለ፤ በመንደር ከሰፈሩትም ብዙዎቹ ቆርቆሮና ግንዳቸውን ነቅለው ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ተመለሱ። የብዙ ዓመት ድካም የፈረሰው በጠላት ኃይል ሳይሆን፣ ሐሳቡን እንዲናገር ዕድል ባልተሰጠው ተጠቃሚ እጅ ነው። የሚናገር ተቃዋሚ ሥራን ያዘገያል፤ ይህ ዝም ያለው ተቃዋሚ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ጨርሶ አፈረሰው።

ለሙያው የሚተርፈው ነገር

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ያጣውን ሥልጣን ለማስመለስ የሚቃወምና የለውጡ ወጪ በእርሱ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ የሚቃወም ሰው አንድ አይደሉም። የፊተኛው ተቃውሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አበቃ። የኋለኛው ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሳይለወጥ ዘልቋል፤ ምክንያቱ ከሥልጣን ሳይሆን ከሣር፣ ከውኃና ከመተላለፊያ ጋር የተያያዘ ነውና። ሁለተኛ፣ ይህ ተቃውሞ የዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ዕቅዱ ለሚነካው ሰው ሳይነገር በመቅረቱ ነው። በቢሮ የተጠናቀቀ ንድፍ ለባለ ሙያው የሥራው መጨረሻ ቢመስልም ለባለ ግጦሹ ገና የመጀመሪያው ወሬ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ጉዳይ በሕግ ደረጃ አንሥቶታል። አንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ሕዝብ በልማት ዕቅዶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ፣ አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ካሣ እንዲያገኝ ይፈቅዳሉ። ሕጉ ይህን ቢልም አፈጻጸሙ የሚወሰነው በአብዛኛው በባለ ሙያው ጠረጴዛ ላይ ነው። የአንድ ቤተ ሰብን ማሳ ለክቶ ካሣውን ማስላት ይቻላል፤ በዓመት ለአራት ወር ብቻ፣ በብዙ ጎሣዎች ለሚረገጥ መስክ ካሣ ማስላት ግን መስኩን በክረምት ብቻ ላየው ቀያሽ አይቻለውም።

በጨፋ አጠገብ የሚያልፈው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰበት ጉዳት እንዲሁም የሚጠብቀው ቀሪ ሥራ ሌላ ታሪክ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሁሉ የሚሆነው ትምህርት ግን ከአዋሽ ቦዮች ይገኛል። በረግረግ ሜዳ ላይ የሚሠራ የአፈር ግንብ የጎርፉን መንገድና የከብቱን መንገድ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። የውኃ ማሳለፊያውን ስፋት ከዝናብ መጠንና ከተፋሰሱ ስፋት አስልቶ ማግኘት ይቻላል። የከብት ማሳለፊያው የት የት መሆን እንዳለበት፣ ስንት ግመልስ በአንድ ጊዜ እንደሚያልፍበት የሚያውቁት ግን በየበጋው ከምሥራቅ የሚመጡት አፋሮችና ሜዳው ላይ የሚቀበሏቸው ኦሮሞዎች ናቸው። ይህን ጥያቄ ይዞ በሰንበቴ ገበያ ቀን ሽማግሎችን ለማነጋገር የሚያስፈልገው ወጪ አንድ የተዘጋ መተላለፊያን መልሶ ለመክፈት ከሚጠይቀው እጅግ ያነሰ ነው። ጊዜውም ችካሉ ከመተከሉ በፊት ነው።